አባባን የምታውቅ ካሜራ

ሰኞ

ዛሬም ኮምፒውተሩ ተቆልፎባቸው ደረስኩ። አባባ ጠረጴዛው ፊት ቁጭ ብለው ጥቁሩን ስክሪን ያያሉ። ከታመሙ ወዲህ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የይለፍ ቃሉን ሲጽፉ አንዱን ፊደል ሁለቴ ይመቱታል። ደጋግመው ሲሳሳቱ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ይዘጋባቸዋል። እኔ ሮቤ ሥራ ላይ ነኝ፤ ጎባ እስክመለስ ማን ይከፍትላቸዋል?

ሃዊ ከዲንሾ ስትደውል ስትደውል ሰልችቷት ተወችው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት የሒሳብ ተማሪ። የሠራችውን በቪዲዮ ታሳያቸዋለች፣ እሳቸው ስህተቷን ይለቅማሉ። የስልክ ስክሪን ደግሞ ለዓይናቸው አይሆንም።

«ሌላ አስተማሪ ትፈልግ፤ እኔ አበቃሁ» አሉኝ። እንዲህ ብለው አያውቁም።

የይለፍ ቃሉን እንዳላነሳው የመሥሪያ ቤቴ ፋይል አለበት፤ ሳይቆለፍ መተው ክልክል ነው። ሽንኩርት ስከትፍ ነው ብልጭ ያለልኝ። የባልደረባዬ ኮምፒውተር ፊቷን አይቶ አይደል የሚከፈተው? ጣት ምን ያደርጋል! የእኔው አሮጌ ነው፣ አብሮት የመጣው ካሜራ ይህን አይችልም። ግን ለብቻው የሚሰካ ይሸጣል። ርካሹን ፈልጌ አላጣም። ነገ!

ማክሰኞ

የምሳ ሰዓቴ የሮቤን ሱቆች ስዞር አለቀ። ዛሬ ትምህርት ስለሌለ ኮምፒውተሩንም ይዤው ወጥቼ ነበር፤ እንኳንም ያዝኩት።

የመጀመሪያውን ሻጭ «ፊት ያውቃል?» ብለው፣ «እህቴ፣ ፊት ካላየ ምኑን ካሜራ ሆነ!» ብሎ ሳቀብኝ። ሰክተን ሞከርነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፣ ኮምፒውተሩ ግን ፊት ለመለየት የሚሆን ካሜራ አልተገኘም ይላል። ለካ ማየትና ማወቅ ለየቅል ናቸው!

ሁለተኛው ሱቅ ያለው ቶፊቅ ነገሩን አስረዳኝ። ኢንፍራሬድ ያለው መሆን አለበት፤ ዓይናችን በማያየው ብርሃን ፊትን ይለያል፣ ጨለማ አያግደውም፣ በፎቶግራፍም አይታለልም። ሮቤ የለም። አዲስ አበባ ደውሎ የሁለት ካሜራ ፎቶ አስላከልኝ። አንዷ ዙሪያዋን መብራት ያላት፣ የምታምር፣ ኢንፍራሬድ ግን የሌላት። ሌላዋ ትንሽ፣ አስቀያሚ፣ ምስሏም እንዲያው ደህና የሚባል፤ ኢንፍራሬድ ግን አላት፣ ዋጋዋም እንደፈራሁት አይደለም። ቆንጆዋ ላይ ዓይኔ ቀረ፣ አልዋሽም። በመልክ ግን ማን በር ከፈተ? አስቀያሚዋን አዘዝኩ። ሐሙስ በአውቶቡስ፣ ኢንሻአላህ፣ አለኝ ቶፊቅ።

ረቡዕ

ሥራ የት አባቱ ይሠራል! ሐሳቤ ሁሉ አውቶቡሱ ላይ ነው። ደግሞ ስጋቱ። ዕቃው አስመስለው የሠሩት ቢሆንስ? አባባ ጭንቅላታቸውም ትንሽ ይነቀነቃል፤ አልይዝም ብትልስ?

ጠዋት ስነግራቸው «ሽማግሌም ታውቃለች?» አሉኝ። ማታ ስመለስ ጢማቸው የለም። ሳይነግሩኝ ፀጉር ቤት ሄደዋል።

ሃዊ ደወለችልኝ። ወንድሟ ሮቤ ሌላ አስጠኚ አግኝቶላታል፣ እስከ ቅዳሜ ይወስናል። «እኔ ባርሲሳን ነው የምፈልገው፤ ግን ወንድሜን ምን ልበለው?» አለች። አባባን ባርሲሳ ነው የምትላቸው፣ መምህር ማለቷ ነው። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ሐሙስ

መጣች! መጣች! ካርቶኑን እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ጎባ ገባሁ።

አባባ ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ባዶ ራሳቸውን ይጠብቁኛል። መነጽራቸውንም አወለቁ። ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ቀጥ ብለው ትንፋሻቸውን ዋጡ። «አባባ፣ ይተንፍሱ እንጂ» ብላቸው በዓይናቸው ገሠጹኝ።

መብራት ጠፍቷል፣ ባትሪው ግማሽ ነው። መዘገበቻቸው። ዘጋሁት። ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ። ተከፈተ!

እልልታዬን አቀለጥኩት። እትዬ አስካለ በአጥሩ በኩል «ማን ተዳረ?» አሉ። «ኮምፒውተሩ አባባን አወቃቸው!» «ውይ፣ እስከ ዛሬ አያውቃቸውም ነበር?»

አባባ ባትሪው እስኪያልቅ እየዘጉ ሲከፍቱ አመሹ። ደስ ሲላቸው እንዴት ያምራሉ።

ዓርብ

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። «ልጄ፣ አላወቀችኝም» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ ዘጉት። ደሜ ፈላ፤ ቶፊቅ ጋ ደውዬ ያልተናገርኩት የለም። ሃዊም መልእክት ላከች፤ ነገም ካልሆነ ወንድሟ ሮቤ ሊያስመዘግባት ነው።

ቤት ስገባ አባባ እዚያው እንደተቀመጡ ናቸው። ውጭ ጉም፣ ቤቱ በረዶ። የሱፍ ኮፍያቸው ቅንድባቸው ላይ ወርዷል፣ ጋቢያቸው አፍንጫቸው ድረስ ወጥቷል፣ በመሐል መነጽር ብቻ ይታያል። እኔም በሳላቸው ነው የለየኋቸው! ሳቄ አመለጠኝ።

«አባባ፣ ትናንት ሙሽራ ሆነው ተመዝግበው ዛሬ በጋቢ ቢመጡ በምን ታውቅዎት?»

«ታዲያ ሰው በጋቢ ፎቶ ይነሣል?» አሉ ተቆጥተው።

እውነታቸውን ነው። እኔስ መቼ አሰብኩት? ምዝገባውን እንደገና ጀመርን፤ ኮፍያው ከፍ ብሎ፣ መነጽሩ እንዳለ፣ ጋቢው ከአገጭ በታች። እያጉረመረሙ ተመዘገቡ። ተከፈተ። ቶፊቅን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ጋቢውን ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ነገ እንጃ። ብቻቸውን ናቸው።

ቅዳሜ

እስከ ምሳ ሥራ ነበር። የትምህርቱ ሰዓት ሲደርስ አባባ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ቆይቼ ደወልኩ፤ አይነሳም። ሃዊ ጋም ብሞክር ተይዟል ይላል። ከወንድሟ ጋር ሮቤ እየመጣች ይሆን? አባባስ ወድቀው ቢሆን? ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ጎባ ወርጄ በሩጫ ነው ቤት የደረስኩት።

በሩን በረገድኩት። አባባ ጋቢያቸውን ከአገጫቸው በታች ጠቅልለው ስክሪኑ ላይ አፍጥጠዋል። የሃዊ ወረቀት ስክሪኑን ሞልቶታል። «ምልክቱን ተይው፣ ቅንፉን መጀመሪያ ፍቺ!» ይላሉ፣ ያ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም የሚያሰኘው ድምፃቸው ተመልሶ።

«አባባ...» አልኩ።

ዞረው እንኳ አላዩኝም። «በሩን ዝጊ፤ ማስተማር ላይ ነኝ።»

ዘጋሁት። ትምህርቱ እስኪያልቅ ብርዱ ላይ ደጅ ቆሜ ጠበቅኩ፤ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ።