ድመት ያለበት ንጹሕ ቤት

እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ አልልሽም፤ ያለሽበት ከዚህ ከደባርቅ ብርድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ጥቂት አለፈው። ሙት ዓመትሽን አውጥቻለሁ። የትና እንዴት እንዳወጣሁት ግን ከሰው አፍ ከምትሰሚ እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው መጻፌ፤ እህትሽ እትዬ ደብሬ እዚያ የመጡ ዕለት መጀመሪያ የሚነግሩሽ ይህንኑ ነውና።

ቁጣሽን ያዝ አድርጊና ስሚኝ። ቤትሽ ውስጥ ሦስት ድመቶች አሉ።

አዎ፣ ድመት። «ድመት ያለበት ቤት አይጸዳም» እያልሽ ያሳደግሽኝ እኔው ነኝ። ያንን የፋሲካ ዋዜማ መቼም አልረሳውም፤ የጎረቤት ድመት የዶሮ ብልት ነጥቃ ስትወጣ ነጠላ ጫማሽን ይዘሽ እስከ አስፋልቱ ተከተልሻት። ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ፍሬን ይዞ «እማማ፣ ይሳፈሩ፣ በመኪና እንድረስባት!» አለሽ። እሱን ሰድበሽ ስትመለሺ እኔ በሩ ላይ ሳቄን ለማፈን ነጠላዬን ነክሼ ቆሜ ነበር።

ታዲያ አሁን ምን ነካሽ ትዪኝ ይሆናል። ሐዘን ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ግራጫ ድመት ድንኳኑ ሥር ገባች። ለቀስተኛው ተበተነ፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ ወንድሜ ሙሉጌታም ዳባት ወደ ሚስቱና ልጆቹ ተመለሰ። ድመቷ ብቻ ቀረች። ጭር ካለው ቤት ስገባ የሚቀበለኝ አንድ ነፍስ ተገኘ። ከዚያ ሁለት ወለደች። ልጣላቸው? አልጥልም አልሁ።

ቤትሽን ግን ቆሻሻ አላስነካሁትም። ፀጉር እንዳይዝ ብዬ ወለሉን ሊሾ አስደርጌዋለሁ። ስጠርግ መጥረጊያውን ውኃ አስነካዋለሁ፤ አለዚያ ፀጉሩ ይቦንንና የሚያርፈው ወጥ ላይ ነው። የተቀደደውን ሳፋሽን አመድ ሞልቼ ጓሮ በር አጠገብ አኑሬላቸዋለሁ፤ እዚያ ይጸዳዳሉ፣ እኔም ጠዋት ማታ አውጥቼ ባሕር ዛፉ ሥር እቀብረዋለሁ። የሚበሉበት ጣሳ ከሰው ዕቃ ጋር አይታጠብም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከራሴ ላይ ቆመሽ «ጥግ ጥጉን! መሀሉንማ ነፋስም ይጠርገዋል» ትዪኝ አልነበር? ጥግ ጥጉን ነው የምጠርገው።

ያስቸገረኝ ጥቁር ልብሴ ነበር። የሐዘን ልብስ ላይ ግራጫ ፀጉር እንዴት ጉድ ያደርጋል መሰለሽ! ከመውጣቴ በፊት በእርጥብ እጄ ብጠራርገውም ከጀርባዬ አንድ ሁለት አይጠፋም። እትዬ ደብሬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህን ጥቁር የለበስሽው ለእናትሽ ነው ለድመትሽ?» አሉኝ። ይህንን ዋጥሁት። ቀጥለው «ካህናት ፀጉር ያለበት እንጀራ አይበሉም፤ ሙት ዓመቱ ዳባት፣ ሙሉጌታ ቤት ይሁን» ሲሉ ግን አልዋጥሁትም። ሙሉጌታም ደውሎ «እትዬ ያሉት ይሁን፣ አትከራከሪ» ይለኛል! እማዬ፣ አንቺ እኮ ዳባት አንድ ሌሊት አድረሽ «ቤቴ ቤቴ» የምትዪ ሴት ነበርሽ። ወይ ድመቶቹን አውጪ፣ ወይ የእናትሽን ዝክር ልቀቂ ነው ነገሩ። ሁለቱንም እንቢ አልሁ። እትዬንም «በፈለጉት ቀን ሳይነግሩኝ ይምጡና ቤቱን ይዩት» አልኋቸው።

መጡ። በገበያ ቀን፣ ከነነጭ ነጠላቸው። ነጠላውን አልጋው ላይ አንጥፈው ተቀመጡበትና ተነሥተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስደው አገላበጡት። የመሶቡን ክዳን አነሡ። ከቁም ሣጥኑ ኋላ ጎንበስ ብለው አሸተቱ። ምንም የለም።

«ስለመጣሁ ነው ያጸዳሽው» አሉ።

«መምጣትዎን ማን ነገረኝ፣ ድመቷ?» አልኋቸው።

ሳቃቸው መጥቶ መለሱት። «ቢሆንም እኔ አልበላም» ብለው ወጡ። እኔም ጠላዬን ጠነሰስሁ፤ ለሙሉጌታም «እናትህን የምትፈልግ ቤቷ ና» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

የሙት ዓመትሽ ዕለት ከፍታቱ በኋላ ቤቱ ሞላ። ድመቶቹን መኝታ ቤት ዘጋሁባቸው፤ ለእንግዳ ክብር ነው እንጂ ተሸንፌ አይደለም። ካህናቱ በሉ፣ ጠጡ፣ ስምሽን ጠርተው ጸለዩልሽ። ሙሉጌታም መጥቶ ጠላ ሲቀዳ ዋለ። እትዬ ደብሬስ? መጡ እንጂ! ሳህናቸውንና ብርጭቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከቤታቸው ይዘው። ወጡን ግን ከእኔው ድስት ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ካህናቱ ሲሄዱ የመኝታ ቤቱን በር ከፈትሁት። እትዬ እግራቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። እኔ ማንንም አላባረርሁም።

እማዬ፣ በዚህ በአንድ ነገር ተሳስተሽ ነበር። ድመት ያለበት ቤት ይጸዳል፤ የሚጠርገው ሰው ይኑር እንጂ። የመጥረጊያ አያያዙን ያስያዝሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ፤ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ባልሁ ቁጥር አስብሻለሁ፣ ወገቤ እስኪይዘኝ ድረስ አስብሻለሁ። ለከርሞም ዝክርሽ እዚሁ ነው። ብትቆጪም ተቆጪ። ድመቶቹም አይወጡም፤ አንቺም ከቤትሽ አትወጪም።

ልጅሽ እናኑ