የጥይት ፋብሪካው አክሲዮን

ለወንድሜ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ስኳርህስ? ቦርጭህስ? እኔና እማዬ ደህና ነን፤ ደህንነታችንንም አውጥተህ እስክትሸጥብን ድረስ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወር አለፈው። መንግሥት የጦሩን በጀት እጥፍ ስላደረገው የኛ ጥይት ፋብሪካ አክሲዮን ሰማይ ይነካል፤ እማዬ የምትኖርበትን ቤት ሸጠን እንግዛበት፤ ፈርሚ፤ ብለሃል። አንቺ ስለ ገበያ ምን ታውቂያለሽ ብለህም አከልክበት። ወይ ጉድ! አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ፋብሪካ የጥይት ቀለህ ስለካ የኖርኩት እኔ፣ አንተ ጥይት ያየኸው በቴሌቪዥን!

እስቲ ልንገርህ። ትእዛዙ መጥቷል፣ እውነት ነው፤ ግን ካሉን ሦስት ማሽኖች አንዱ መለዋወጫ አጥቶ ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። የመሸጫው ዋጋ ከሦስት ዓመት በፊት የተፈረመ ነው፤ መንግሥት ሳንቲም አይጨምርም፤ መዳቡ ግን በየወሩ ይወደዳል። ሒሳብ ሹማችን ብዙ ባመረትን ቁጥር ብዙ እንከስራለን እያለ ፀጉሩን ይነጫል። ለአንተ በጀት ማለት ትርፍ ነው። ጭራሽ ጦርነት ከተነሳማ ሦስት እጥፍ ይሆናል ብለህ መጻፍህ! ለእማዬ ብነግራት፣ ይሄን ልጅ እኔ ነኝ የወለድኩት ወይስ ሆስፒታል ውስጥ ቀይረውብኝ ነው፣ አለች።

ሠራተኛው ይሄን ስለሚያውቅ በቦነስ ፈንታ የሰጡንን አክሲዮን በር ላይ ለሚቆመው ደላላ ተሰልፎ ይሸጣል። የሚገዛው ጅል ማን ይሆን እያልን ስንስቅ ከረምን። ከሦስት ሳምንት በፊት ማክሰኞ ለት ተራዬ ደረሰ። የማዛወሪያው ወረቀት ላይ ገዢው ቀድሞ ፈርሟል፤ የሻጩ ስም ቦታ ገና ባዶ ነው። የሻጩን ስም ሳያይ የሚፈርም ሰው! ያቺን ጅራተ ረጅም ፊርማ ደግሞ ከልጅነቴ አውቃታለሁ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ፣ አልዋሽህም። ከዚያ በደብዳቤህ ውስጥ እማዬ የት ትግባ የሚል አንድ መስመር እንኳ እንደሌለ ትዝ አለኝና ፈረምኩ።

የቤቱን ወረቀት ግን አልፈርምም፤ በከንቱ አትልፋ።

እማዬ ትመርቅሃለች። በደላላው ብር የተሠራውን አዲሱን የቤቷን ጣሪያ አይታ ማን አሠራው ብትለኝ፣ ጋሼ ነው አልኳት። እጇን ዘርግታ፣ እጁ የያዘው ሁሉ ይባረክለት፣ አለች። እኔም አሜን ብያለሁ።

እህትህ