ዜሮዎቹን ያነሳሁ ዕለት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሰኔ 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለምናፍቅህ ባለቤቴ ለሙሄዲን፤

አሰላሙ አለይኩም። ቡዳፔስት ሙቀቱ ገብቷል ብለህ ጽፈህልኛል፤ እዚህ ግን የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ነው የሚውለው። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ። ኮምቦልቻ ካለው ቢሮ ስመለስ ጫማዬ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር።

«ኮምፒውተሩን ለመድሽው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ለምጄው ነበር፤ በዚህ ወር ግን ጉድ ሊሠራኝ ነበር። ቦሩ ሜዳ ላይ በልግ እንደቀረ ወንድምህ በሺር ነግሮሃል። ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ በልቶታል። ቢሮአችን በዘር እርዳታው የቱ አካባቢ እንደሚቀድም የሚወስነው ደግሞ እኔ በምሠራው የምርት ትንበያ ነው። ምርት ሊያሳንሱ የሚችሉ አራት ምክንያቶችን አስገባሁ፤ ማሽኑም የእያንዳንዱን ክብደት አወጣልኝ።

መልኩን አንተ ታውቀዋለህ። ምክንያቶቹ በቁመትም በአግድምም ይደረደራሉ፣ ክብደታቸው በሰያፉ ላይ ብቻ ይወርዳል፣ የቀረው ሁሉ ዜሮ ነው። እንዳለ አትሜ ስብሰባ ገባሁ።

ኃላፊያችን ጓድ ስማቸው ወረቀቱን ጠጋ ራቅ አድርገው አዩና፣ «ጓድ ጣይባ፣ ይሄ ሁሉ ዜሮ ምንድነው?» አሉኝ።

አፌን ሳልከፍት የፕላን ክፍሉ እንየው ጣቱን የበልግ ዝናብ መስመር ላይ አሳረፈ። «ይኸው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በልግ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው። እንግዲያ ቦሩ ሜዳ ለምን ይቀድማል?»

«እንደሱ አይደለም የሚነበበው» አልኩ። ባስረዳም የሚሰማኝ ጠፋ፤ ውሳኔው ለሰኞ ተቀጠረ።

ክፍሌ ገብቼ በእንየው በገንኩ። በኋላ ግን ወረቀቱን እንደ እሱ ሆኜ አየሁት። የምክንያቶቹ ስም በምልክት አጥሯል፤ ቁጥሩ ከነጥቡ በኋላ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይቀጥላል። ባልሠራው ኖሮ እኔስ መች አነበው ነበር! መጀመሪያ ዜሮዎቹ ባዶ ቦታ እንዲሆኑ አዘዝኩት። ቀለል አለ፤ ዓይን ግን አሁንም በሰያፉ ሲወርድ ይስታል። ስለዚህ ሰያፉን ብቻ ለቅሜ በአንድ ዓምድ አወረድኩት። ስሞቹን በሙሉ ጻፍኩ፣ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ አስቀረሁ፣ ከባዱን ከላይ አደረግሁ። ከሥሩም «ቁጥሩ ሲበልጥ ምክንያቱ ይበልጥ ይመዝናል» ብዬ አከልኩበት።

ሰኞ ጓድ ስማቸው ጮክ ብለው አነበቡት። «የበልግ ዝናብ፣ 0.52። በእጅ የቀረ ዘር፣ 0.27...» ጣታቸውን ወደ መጀመሪያው መስመር መለሱ። «ትልቁ በልግ ነው እኮ! ቦሩ ሜዳ ደግሞ ዘንድሮ በልግ መች ዘነበና?»

እንየው ወረቀቱን ተቀብሎ አየና፣ «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብታመጪው ምን ነበረበት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩትም።

ዘሩ ለቦሩ ሜዳ ወጣ። በሺር ድርሻውን ተረክቦ ዘርቷል፤ «የአባታችን መሬት ጦም አላደረም በይው» ብሎሃል።

ጓድ ስማቸው አዲስ አበባ ለስልጠና ልላክሽ ብለውኝ ነበር። ለጊዜው ይቆየኝ አልኳቸው። እናትህ ከበሺር ቤት ወደ እኔ ከመጡ ሰንብተዋል፤ እሳቸውን ትቼ የትም መሄድ አልሻም።

አሁንም ከጎኔ፣ ከዋሉበት አልጋ ሳይነሱ፣ «ምን ጻፍሽለት?» ይሉኛል። የዜሮውን ነገር ስነግራቸው ሳቁ። «አላህ በሄድክበት ሰው ይስጥህ፤ እውቀትህን ለወገን መጠቀሚያ ያድርገው» ብለው ዱዓ አድርገውልሃል። ደግሞም «በእግሬ እየወጣሁ እየገባሁ ነው በይው፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዳይመጣ» ብለውኛል። እንዳሉኝ ጽፌያለሁ።

ለክረምቱ ፈቃድ ይሰጧችኋል ወይ? ከሰጡህ፣ ሙሄዲን፣ ዘንድሮ ና።

አላህ በሰላም ያገናኘን፤
ያንተው ጣይባ