የተገለበጠችው መቶ

ጥር 6
ሰኞ። ባንኩ ከጠዋት ጀምሮ ሰልፍ። አንዱ ደንበኛ "ጎድሏል" ብሎ ያመጣውን የብር እስር ሦስት ጊዜ አስቆጠረኝ። አልጎደለም። ሰደብኩት... በሆዴ።

እስሩን ለድጋሚ ቆጠራ ከኋላዬ ለሚቀመጠው ለአንጋፋው ቆጣሪ፣ ለጋሼ ወረወርኩለት። ከምሳ በኋላ በጣቱ ጠራኝ። ከዚያው እስር አንዲት ባለ መቶ መዟል። ሌላው ነገሯ ሁሉ ደህና፣ መለያ ቁጥሯ ብቻ ተገልብጦ የታተመ! አስራ አንድ ዓመት የፈለግኳት። ሦስት ጊዜ በእጄ አልፋለች፤ ጠርዟን እንጂ ፊቷን መች አየሁ። ጋሼ ከኪሱ መቶ አውጥቶ ተካና እሷን ደብተሩ ውስጥ ሸጎጣት።

"ጋሼ፣ በኔ መስኮት የገባች እኮ ናት!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ችኩሉ።" ሳቀ።

ከተቀጠርኩ ጀምሮ ችኩሉ ነው የሚለኝ። ልዩ የብር ኖት የመሰብሰብ ልክፍቱንም ያስያዘኝ እሱ ነው።

ጥር 9
የሰበሰብኳቸውን ዘረጋኋቸው። ቁጥሯ ሰባት በሰባት የሆነች፣ ከግራም ከቀኝም ብትነበብ አንድ የሆነች፣ ጀርባዋ ሳይታተም የቀረ ሃምሳ... እስከ ሰኞ ኩራቴ ነበሩ። አሁን አስጠሉኝ። ባለቤቴ፣ "በወረቀት ታኮርፋለህ እንዴ፣ አንተ ትልቅ ሰውዬ?" አለች። አዎ። አኩርፌያለሁ።

ጥር 14
ለመንኩት። ሦስት እጥፍ ልክፈልህ አልኩት።

"አትሸጥም። ጊዜዋን ትጠብቅ።"

የምን ጊዜ? ይዟት ሊቀበር ነው? ስስታም ሽማግሌ!

የካቲት 2
ከዋናው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። ከእስር ውስጥ ኖት መምረጥ ክልክል ነው፣ ቢተካም ክልክል ነው። እኔና ጋሼ ደግሞ ስንመርጥ ነው የኖርነው። አንድ በአንድ እያስገባ ጠየቀን።

"ኖት የሚያወጣ ሰው ታውቃለህ?"

አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? "የጋሼን ጠረጴዛ ቢያዩት..." አልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። በሩ ጋ ስደርስ ልመለስ አሰብኩ። አልተመለስኩም።

የካቲት 3
አገዱት። ለጡረታው አራት ወር ቀርቶት። ኮቱን ይዞ ሲወጣ "ደህና ሁን ችኩሉ" አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር... ምሳዬን አልበላሁም።

የካቲት 11
ከሥራ ተሰናበተ። ደብዳቤውን የጻፈችው ጸሐፊ ነች የነገረችኝ። "አብሮህ የሚሰበስብ ማነው?" ሲሉት "እኔ ብቻ ነኝ" ብሎ ፈርሟል።

ምነው ባልጠየቅኳት።

ኖቷንስ? ተቆጣጣሪው "መቶ መቶ ነው" ብሎ ከሌላው ገንዘብ ጋር ካዝና አስገባት። አሁን ማን ኪስ እንዳለች እንጃ።

የካቲት 20
የጋሼን ወንበር ለኔ ሰጡኝ። ሹመት መሆኑ ነው! መሳቢያውን ሳጸዳ አፉ የተቀደደ ባዶ ፖስታ አገኘሁ። ያኔ ሲፈትሹ ኖቷን አውጥተው የጣሉት። ላዩ ላይ የጋሼ ጽሕፈት አለ፦

"ለችኩሉ። ጡረታ የምወጣ ቀን የምሰጠው። ጥር 6።"

ጥር 6... ያገኛት ዕለት። እኔ ሳኮርፍ፣ ስለምነው፣ ስስታም ስለው እዚህ ተቀምጣ ነበር። በስሜ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

መጋቢት 4
ጋሼ ቤት ሄድኩ። በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብዬ ሁለት ጊዜ ከበሩ ተመልሼ ነበር። ሁሉንም ልነግረው ቆርጫለሁ። ሴት ልጁ ከፈተችልኝ፤ "አባዬ፣ በስንት ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ሰው መጣልህ!"

ከስቷል። እጄን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

"ማን እንደጠቆመ ታውቃለህ?" አለኝ።

ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

"ተወው፣ ማንም ይሁን። እኔ የፈራሁት ላንተ ነበር። አንተን አልነኩህም፣ ተመስገን። ልጆች አሉህ።"

አፌን ከፈትኩ...

"ጋሼ፣ ፖስታዋን አገኘኋት" ብቻ አልኩ።

ዓይኑ በራ። "አየህ? ለማን ልሰጣት መሰለህ?"

ልነግረው የመጣሁትን ይዤው ተነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ "እሑድም ና" አለኝ።

እሺ አልኩት።