የናሙና ቁጥር 47 አደራ ጠባቂ፣ ባልደረባችን ወይዘሮ ነፊሳ ሙሐመድኑር

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ፤ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

የመድኃኒት ዕፅዋት መርማሪዎች ማኅበራችን የቤተ ሙከራ ኃላፊ የነበሩትን ወይዘሮ ነፊሳ ሙሐመድኑርን ኅዳር 4 ቀን በሞት ተነጥቋል። ሐዘናችን ከባድ ነው፤ በእሳቸው የሚሰማንን ኩራት ግን በዚህ ቀንም አንሸሽገውም።

ወይዘሮ ነፊሳ በ1967 ዓ.ም. ወሎ ተወልደው፣ በ1977ቱ ድርቅ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ወለጋ መጡ። አማርኛቸው የወሎን ለዛ እንደያዘ፣ ኦሮምኛውን እዚሁ ወለጋ፣ አኖ ከተማ ተወልዶ እንዳደገ ሰው ይናገሩት ነበር። በ1999 ዓ.ም. በረዳትነት ተቀጥረው ከሦስት መቶ በላይ የቅጠልና የሥር ናሙናዎችን ጨምቀው፣ እብጠትና ብግነትን ይቀንሱ እንደሆነ ፈትሸዋል። የማይሠራውን አይሠራም ብለው ለመጻፍ ማንንም አይፈሩም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. ማኅበራችን ተሳሳተ። የአኖው የባህል ሐኪም ኦቦ ጂሩ ባቻ፣ እንደ ሙያው ልማድ፣ ተክሉ እንዳይታወቅ ቅጠሉን ወቅጠው ሰጡን። እኛ ደግሞ በጠረኑና በቀለሙ ገምተን ሌላ ተክል ለቀምን፤ ሞክረንም የኦቦ ጂሩ መድኃኒት አይሠራም ስንል ዘገብን። ሽማግሌው በራቸውን ዘጉብን። ወይዘሮ ነፊሳ የማንንም ትእዛዝ ሳይጠብቁ ሦስት ጊዜ አኖ ተመላልሰው ይቅርታ ጠየቁልን። በመጨረሻ ኦቦ ጂሩ ተክሉን አሳዩአቸው። ስሙ የወጣ መድኃኒት ፈዋሽነቱን ያጣል ብለው ስለሚያምኑ ግን፣ ያለ ፈቃዳቸው ለማንም እንዳይናገሩ ቃል አስገቧቸው።

በ2010 ዓ.ም. ከዚያ ተክል ተወስዶ በቁጥር 47 ብቻ የተመዘገበው ናሙና የሙከራ አይጦችን የእግር እብጠት በግማሽ ቀነሰ። እስከ ዛሬ ከዚህ የሚበልጥ ውጤት አላገኘንም። ቀጣዩን ጥናት ሊያካሂድ የነበረው ተቋም የተክሉን ስም ሲጠይቅ ወይዘሮ ነፊሳ እምቢ አሉ፤ ጥናቱም ቆመ። ሥራ አመራሩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባቸው። በዚያ ደብዳቤ ዛሬ እናፍራለን፤ ከግል ማኅደራቸው እንዲወጣም ወስነናል።

ሕመሙ ሲጠናባቸው፣ ስሙ አብሯቸው ሊቀበር ነው ብለን ሰግተን አልጋቸው ድረስ ሄደን ለመንናቸው። «የመድኃኒቱ ባለቤት በሕይወት አሉ፤ እሳቸውን ጠይቁ» አሉን። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ኦቦ ጂሩን አንድም ቀን ሄደን አልጠየቅናቸውም ነበር።

ለባለቤታቸው ለአቶ ካሊድ፣ ለልጆቻቸው፣ አጠገባቸው ቆመው ሙያውን ለተማሩ ባልደረቦቻችን ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን፤ እሳቸውንም አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ኦቦ ጂሩ ከአኖ መጥተው ሥራ አመራሩን አስጠሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቃሏን ጠብቃ ሄደች። አሁን እናንተ ጠብቁ» ብለው የተክሉን ስም ነገሩን። ጥናቱ በእሳቸው ፈቃድ ይቀጥላል። ስሙን በዚህ መግለጫ ያልጻፍነው፣ ይውጣ ስላላሉን ነው።