ሽማግሌ ሲመላለስ ስላለፈው የክስ ጊዜዬ

ይድረስ ለክቡር አቶ ጀላሉዲን፣ በማዕከላዊ ገበያ የቤት ዕቃ አስመጪና አከፋፋይ
ጅቡቲ ከተማ፣ ጥቅምት 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙልን? ያለፈው የሐምሌ ሙቀት እርስዎ ዘንድ እንዳልደረሰ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም እንደሸጡልን ድስት ጉድ እንዳልሠራዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከቀኝ እጄ በቀር። ፊደሌ ቢንጋደድብዎ በግራዬ ስለምጽፍ ነውና በተለመደው ትዕግሥትዎ ይለፉኝ።

ከደንበኛ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ የውብዳር እባላለሁ። እዚሁ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ አሠሪዬ ከእርስዎ ሱቅ በገዙት የእንፋሎት ድስት የፍየል ሥጋ ጥጄ፣ ማንም ሳይነካው የክዳኑ መቆለፊያ በራሱ ለቆ የፈላው ሁሉ እጄ ላይ የተገለበጠብኝ ሴት ነኝ። ጣቶቼ ተኮማትረው ቀርተዋል። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ይዘረጋሉ ብሎኛል፤ እኔም የጠየቅሁት ድስቱን ያመጣው ሰው ያሳክመኝ ብዬ ብቻ ነበር። በአንድ እጅ ልብስ የምታጥብ ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት እስካሁን አላገኘሁም።

ለዚህ ጉዳይ የዋሉልኝን ውለታ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነውና እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ልከስ ስነሣ «የአንድ ወንዝ ልጆች ሆነን ምን ፍርድ ቤት ያንከራትተናል? ሽማግሌ ላኪ» ብለው ስለመከሩኝ አመሰግናለሁ። ድሬዳዋ ያደጉ ሰው እንደመሆንዎ፣ ነገር በሽማግሌ ከተያዘ በኋላ ዳኛ ደጅ የቆመች ሴት «ሽማግሌ ረገጠች» ተብላ ያገሯ ሰው ሁሉ ፊቱን እንደሚያዞርባት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ምን ያህል እንደሚያውቁት ግን የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ ሽማግሌዎቼን ስላከበሩልኝ። የወደብ መጋዘን የሚሠሩት አቶ ወልደየሱስና የከባድ መኪና ሾፌሩ አቶ ዋለልኝ በመጡ ቁጥር ከደህናው ጫት እያስመጡ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እያስቀረቡ፣ «ልጄ አይደለችም ወይ፣ እንዴት ዝም እላታለሁ!» ሲሏቸው መርቀውዎት ይመለሱ ነበር። ሁለቱም ካልተሟሉ ነገሩ አይታይም ማለትዎም ለሽምግልና ክብር ካለዎት ጥንቃቄ እንጂ፣ አቶ ዋለልኝ ወይ ከአዲስ አበባ ወይ ከጋላፊ የድንበር ኬላ እንደማይጠፉ አውቀው ነው ብሎ የሚያማዎ አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ቀጠሮ። ረመዳን ይውጣ አሉ፤ ወጣ። ሙቀቱ ይብረድ አሉ፤ በረደ። ከዱባይ ልመለስ አሉ፤ እሰይ፣ በደህና ተመለሱ። እኔም ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ከጓደኛዬ ከአበቡ ጋር በተዳበልኩባት ክፍል ጣቶቼን በዘይት እያሸሁ፣ ትልቅ ሰው ቃሉን አያጥፍም እያልኩ እጠብቅ ነበር። ወይ ሞኝነት!

አራተኛውን ምስጋና ለጠበቃዎ ያድርሱልኝ። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻው እርቅ ነው ተብለው ሲሰበሰቡ፣ እሱ በፈረንሳይኛ የተናገረውን እርስዎ ራስዎ ወደ አማርኛ እየመለሱ፣ ሕጉ ለጉዳት ክስ የወሰነው ጊዜ ማለፉን፣ ሽምግልና ጊዜውን እንደማያቆመው፣ ስለዚህም የሚያነጋግረን ነገር አለመኖሩን በትሕትና አስረዱን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባልብኛል። ግን ክቡር ሆይ፣ ጅቡ መቼ ሄደ? ከሽማግሌዎቼ ጋር ቁጭ ብሎ ይመረቅ ነበር እንጂ!

ሕጉን አልወቅስም፤ ሕጉስ ጊዜ ሰጥቶኝ ነበር። የሰጠኝን ጊዜ ቁጭ ብለው የቃሙት እርስዎ ነዎት። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ አቶ ወልደየሱስ ከዚያ ቀን ወዲህ ሲያዩኝ መንገድ መቀየራቸው ነው። ማፈር የነበረበት ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ እኚያ የተከበሩ አዛውንት አንገታቸውን ደፍተዋል።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ የማይጎድል ገበያ፣ ደግሞም በቤትዎ የሌላ ነጋዴ ድስት እንዲጣድልዎ እየተመኘሁ፣ ደህናው እጄ አንድ ብቻ ስለሆነ በእሱው እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ልጅዎ ለመሆን የበቃሁት
የውብዳር

ግልባጭ፦
ለአቶ ወልደየሱስና ለአቶ ዋለልኝ፣ እንዳልተቀየምኳቸው እንዲያውቁ፤
ድስት ለመግዛት ገበያ ለወጣ ሁሉ።

ተጨማሪ፦ ሰብሪና የምትባል የሰው ቤት ሠራተኛ በቅርቡ በዚያው ዓይነት ድስት ፊቷን ተቃጥላለች። እርሷንም ሽማግሌ እንድትልክ መምከርዎን ብሰማ ጊዜ ፋሻዋ ሳይፈታ ይዣት ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ ክሷ ተመዝግቧል። ምስክር ሲጠየቅ ስሜን ሰጠሁ። የእኔ ጊዜ አልፏል ስለተባልኩ ያስኬደኝ እንደሆነ ብዬ ጸሐፊውን ብጠይቀው፣ ጊዜ የሚያልፈው ለመክሰስ ነው፣ ለመመስከር ግን አያልፍም ብሎኛል።