ያልተሰደበው ወጋግራ

ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 3
ዝናብ። የጣራው ሸክላ ዛሬም በአቋራጩ አልወጣም። አጎት ጂያፉ እሾህ ከምሮበታል። "መንገዱ የኔ ነው" አለ። ባሏን ፈትታ የመጣች ሴት በአባቷ መሬት ላይ ቤት መሥራት የለባትም ነው ነገሩ። አባቴ ወንድሙ እንደነበር ረስቶት ይሆን? በገደሉ በኩል በጀርባዬ አዞርኩት። ስድስቱ ተሰበሩ። ሰበረብኝ ብል ይሻላል።

ቀን 6
ምሰሶዎቹ ቆሙ። አናጢው ጋሽ ቺን፣ "ወጋግራውን ከማን ነው የምትሰርቂው?" አለኝ። የጣራው አናት ወጋግራ ከሰው ጫካ ካልተሰረቀ፣ ባለቤቱም ወጥቶ ካልተሳደበ ቤቱ አይባረክም። ክፉውን የሚያራግፈው ስድቡ ነው። የኛ ጥድ ሲሰረቅ እናቴ ማሳው ዳር ቆማ ስድቡን ስታወርደው፣ ሌቦቹ እታች ሆነው ሲስቁ... ትዝ ይለኛል።
ከማን ልስረቅ? ከማን ይሆናል! በዚህ ተራራ ከጂያፉ የከፋ አፍ ያለው የለም።
"ተይ፣ ሰውዬው ክፉ ነው።"
"ታዲያ ክፉ አይደል የምፈልገው?"

ቀን 7
ቆረጥነው። ከጂያፉ ቤት ጀርባ ያለውን ትልቁን ጥድ። ጉቶው ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ባለቤቱ እንዲሰማ ርችት ተኩሰን ሮጥን። እየሮጥኩ ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ?
ጆሮዬን አቁሜ ዋልኩ። ምንም።

ቀን 9
ምንም።

ቀን 11
ጂያፉ መንገድ ላይ አገኘኝ። ፈገግ አለ። "እንደምን አለሽ ልጄ? ቤቱ እንዴት ይዞሻል?" ልጄ! በሕይወቱ ልጄ ብሎኝ አያውቅም። ያኔ ገባኝ። አይሳደብም። አውቆ ነው።
ጋሽ ቺን "ያልተሰደበ ወጋግራ አልሰቅልም" ብሎ መሣሪያውን ጠቀለለ። ወጋግራ የሚሰቀልበት መልካሙ ቀን 18 ነው፤ ካለፈ ብርዱ እስኪወጣ ሌላ የለም። እስከዚያ ምሰሶዎቼ ያለ ክዳን በረዶ ሊበላቸው።
"ከሌላ ሰው ልስረቅ?"
"አንድ ቤት የሚሰርቀው አንዴ ነው።"
ጠላሁት። ሁለቱንም ጠላኋቸው።

ቀን 14
ጂያፉ በር ድረስ ሄጄ ሰደብኩት። አሳማ አልኩት። ወንድሙን የቀበረው ደስ ብሎት እንደሆነ ነገርኩት... "ውጣና መልስልኝ!" በረንዳው ላይ ተቀምጦ ፒፓውን ያቦናል።
"ሻይ ጠጪ" አለኝ።
ሚስቱ እትዬ ላንዪ በቆሎ ትፈለፍላለች። ቀና አላለችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቀና ስትል አይቻት አላውቅም። ስወጣ ግን በቀስታ፣ "ቀይ ጨርቁ ያምራል" አለች። ለኔ ነው? ለበቆሎው?

ቀን 17
ሰማሁ!
ጉቶው አጠገብ ሴት ትጮኻለች። እትዬ ላንዪ! መጀመሪያ ድምጿ ቀጭን ነበር። "አንቺ የጥዴ ሌባ... እጅሽ ይሰበር..." ቆም አለች። አልለመደችማ። ከዚያ ጨመረች። "የተዳርኩ ዓመት በእጄ የተከልኩትን! በእንስራ ውሃ ተሸክሜ ያሳደግኩትን!"
ከዚያ ፊቷን ወደ ገዛ ቤቷ አዞረች። አላቆመችም። ሾርባ ፊቷ ላይ የደፋባትን ቀን፣ ከእናቷ ቀብር ያስቀራትን፣ ሁሉንም... ሰው ከየማሳው ቀና ብሎ ይሰማል።
"ዝም በይ!" ጂያፉ ነው።
"ዝም ብዬማ ኖርኩልህ!"
ጋሽ ቺን መሣሪያውን ፈታ። "የዛፍ ባለቤት ማለት የተከለው ነው። ደግሞ ይሄ ስድብ ለሦስት ቤት ይበቃል።"

ቀን 18
ወጋግራው ወጣ። አለቀስኩ። ከጂያፉ በቀር ገመድ ያልሳበ የለም።

ቀን 19
እትዬ ላንዪ ብርድ ልብሷንና አንድ ድስት ይዛ መጣች። ግድግዳ እንኳ የለኝም። ቤቱን የጀመርኩት ከሰው ፊት ልገላገል ብዬ ነበር... እምቢ የሚል አፍ ግን ከየት ላምጣ?
ጂያፉ ማዶ ቆሞ ከጠዋት ጀምሮ ይሳደባል። አሁን ነው የሚሳደበው!
ከሱ ቤት የራቀውን ጥግ አሳየኋት። "እዚህ ድምፁ አይደርስሽም።"
ዞር ዞር ብላ አየች። ብርድ ልብሷን ጂያፉ በቆመበት በኩል፣ ፊት ለፊቱ አነጠፈች።
"እዚህ ይሻለኛል" አለች። "ሲሳደብ ይየኝ።"